ወጣቶች በዋልታ ምድር፤ የአሰሳ ጉዞ በኋላ ሕይወትና ሙያ ላይ የነበረው ድርሻ

መግቢያ

አንድ ወጣት ትምህርቱን ሳይጨርስ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ በምድር ጫፍ፣ በበረዶና በረጅም ጨለማ መካከል ቢሠራ፣ ይህ ቆይታ ለኋላ ሕይወቱ ምን ያተርፍለታል? ጥያቄው ለትምህርት ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ከክፍል ውጭ የሚገኝ ትምህርት ጠባይን ያንጻል፣ ሙያንም ያስመርጣል የሚለው እምነት በብዙ አገሮች ሥር የሰደደ ነው። ይሁን እንጂ እምነቱ በማስረጃ የሚመዘነው አልፎ አልፎ ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዋልታ የተላኩ ወጣቶች ታሪክ ለዚህ ምዘና አመቺ ነው። ጉዞዎቹ በጽሑፍ ተመዝግበዋል፤ ተጓዦቹ በስም ይታወቃሉ፤ ኋላ የሠሩትም ሥራ ለማንም ግልጽ ነው።

በዚህ ጽሑፍ በተለይ ከ1921 እስከ 1930ዎቹ በብሪታንያ፣ በአሜሪካና በሶቪዬት ኅብረት የተደረጉ ጉዞዎችና የተከተሏቸው ውጤቶች ይመረመራሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከታሪኩ የሚገኘው ዋና ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፦ ጉዞው ብቻውን የማንንም ሕይወት አልቀረጸም። ሕይወት የተቀረጸው ወጣቱ በጉዞው ላይ እውነተኛ ሥራ ሲሰጠው፣ ሲመለስ ትምህርቱ ካየው ነገር ጋር ሲያያዝ፣ ለሁለተኛ ጊዜም በር የሚከፍትለት ሰው ወይም ተቋም ሲያገኝ ነው።

በ«ኩዌስት» መርከብ የተሳፈሩት ሁለት ስካውቶች

በ1921 ዝነኛው የዋልታ አሳሽ ሰር ኧርነስት ሻክልተን «ኩዌስት» በተባለች አነስተኛ መርከብ ወደ ደቡብ ለመጓዝ ሲዘጋጅ፣ ከብሪታንያ ስካውቶች መካከል ወጣት መርጦ ይዞ እንደሚሄድ አስታወቀ። ወደ 1,700 የሚጠጉ ስካውቶች አመለከቱ። ከእነዚህ ውስጥ አሥሩ ለቃለ መጠይቅ ቀረቡ። ሻክልተንም በመጨረሻ ሁለቱን ወሰደ፤ እነርሱም የአበርዲኑ ጄምስ ማርና የኦርክኒ ደሴቶች ተወላጅ የሆነው ኖርማን ሙኒ ነበሩ።

መርከቧ በመስከረም 1921 ከለንደን ስትነሣ ሁለቱ ወጣቶች በአንድ ወንፊት ተነፍተው ያለፉ፣ እኩል ተስፋ የተጣለባቸው ነበሩ። ውቅያኖሱ ግን ለያቸው። ሙኒ በባሕር ሕመም እጅግ ስለ ተሠቃየ ከማዴይራ ደሴት ወደ አገሩ እንዲመለስ ተደረገ። ማር ጉዞውን ቀጠለ። ይህ ልዩነት ከችሎታ ወይም ከትጋት ማነስ የመጣ አልነበረም። የሰውነት ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ከጅምሩ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ የተሻለውን ወጣት መምረጥ ብቻውን ውጤትን አያረጋግጥም፤ ዕድልም የራሱ ድርሻ አለው።

ማር በመርከቧ ላይ እንደ እንግዳ አልተያዘም። የድንጋይ ከሰል አካፍሏል፤ በማብሰያ ክፍል አገልግሏል፤ ከመርከበኞቹ ጋር ተረኛ ሆኖ ሠርቷል። ጥር 5 ቀን 1922 ሻክልተን በደቡብ ጆርጂያ ደሴት ወደብ በልብ ሕመም ሲሞት ማር ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። የጉዞው አመራር ወደ ፍራንክ ዋይልድ ተላለፈ፤ መርከቧም እስከ መስከረም 1922 ድረስ በባሕር ላይ ቆይታ ተመለሰች። ወጣቱ የሄደው ስመ ጥር ሰውን ተከትሎ ነበር። የተማረው ግን ያ ሰው ካለፈ በኋላም ሥራ እንደማይቋረጥ ነው።

ለጥናቱ የበለጠ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማር በ1923 የጉዞውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ። በአበርዲን ዩኒቨርስቲ የጥንታዊ ቋንቋዎችንም የእንስሳት ጥናትንም ተምሮ በሁለቱም ተመረቀ። በ1925 ወደ ሰሜን ዋልታ በተደረገ የብሪታንያ ጉዞ ተካፈለ። ቀጥሎም በደቡብ ባሕሮች የዓሣ ነባሪዎችን አኗኗር ለማጥናት በተቋቋመው፣ «ዲስከቨሪ» በመባል በሚታወቀው የምርምር ድርጅት ተቀጠረ። ከ1929 እስከ 1931 በአውስትራሊያዊው ዳግላስ ሞውሰን በተመራው ጉዞ ላይ የባሕር ሕይወት ተመራማሪ ሆኖ አገለገለ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት «ታባሪን» የሚል የምስጢር ስም የሰጠውን ዘመቻ ወደ አንታርክቲካ ሲልክ አዛዥ ሆኖ የተመደበው ማር ነበር። በየካቲት 1944 በዲሴፕሽን ደሴትና በፖርት ሎክሮይ ሁለት ጣቢያዎች ተቋቋሙ፤ 14 ሰዎችም ፀሐይ ብዙም የማትታይበትን ክረምት በዚያ አሳለፉ። ማር ጤናው ስለ ታወከ በ1945 መጀመሪያ ኃላፊነቱን ለቀቀ። ጣቢያዎቹ ግን አልተዘጉም፤ ሥራው ቀጥሎ በ1962 የብሪታንያ የአንታርክቲካ ጥናት ድርጅት የሚለውን ስም ያዘ። በምድር ከባቢ አየር ላይ የሚገኘው የኦዞን ሽፋን በአንታርክቲካ ላይ መሳሳቱን በ1985 ለዓለም ያስታወቁት የዚሁ ድርጅት ተመራማሪዎች ናቸው።

የማር ዋና የምርምር ሥራ በ1962 ታትሞ የወጣው ስለ ክሪል የተጻፈው ሰፊ ጥናት ነው። ክሪል በደቡብ ባሕሮች በብዛት የሚኖር፣ ዓሣ ነባሪዎች፣ የባሕር ውሾችና ፔንግዊኖች የሚመገቡት ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። ማር በ1965 ሞተ። ከዚያ 15 ዓመት ቆይቶ፣ በ1980፣ መንግሥታት የአንታርክቲካን የባሕር ሀብት ለመጠበቅ ስምምነት ሲፈራረሙ ትልቁ ስጋታቸው ክሪል ያለ ገደብ እንዳይጠመድ ነበር። የከሰል አካፋ ይዞ የጀመረው ወጣት ለዚህ ጉዳይ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

ከኤሪ ከተማ እስከ ደቡብ ዋልታ

የብሪታንያው ምሳሌ በአሜሪካ ተከታይ አገኘ። በ1928 አድሚራል ሪቻርድ ባይርድ ወደ አንታርክቲካ ሲነሣ የአሜሪካ ስካውቶች ማኅበር በመላ አገሪቱ ውድድር አካሄደ። ስድስት ወጣቶች ለመጨረሻው ምርጫ ቀረቡ፤ ከእነርሱም ባይርድ የኤሪ ከተማ ነዋሪ የሆነውን የ19 ዓመት ወጣት ፖል ሳይፕልን መረጠ። ሳይፕል በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ጀማሪ ተማሪ ነበር።

«ሊትል አሜሪካ» በተባለው ሰፈር 42 ሰዎች የ1929ን ክረምት ከበረዶ በታች በተሠሩ ቤቶች አሳለፉ። ሳይፕል ውሾችን እየነዳ ዕቃ አመላልሷል፤ ለቤተ መዘክር የሚላኩ ፔንግዊኖችንና የባሕር ውሾችንም ሰብስቦ አዘጋጅቷል። ሲመለስ ልክ እንደ ማር አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ ቀጥሎም ወደ ኮሌጁ ተመልሶ በ1932 ተመረቀ። ባይርድ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጓዝ፣ ከ1933 እስከ 1935፣ ሳይፕልን የወሰደው እንደ ስካውት ሳይሆን እንደ ሥነ ሕይወት ባለሙያ ነበር።

የሳይፕል ታሪክ ጉዞ ከትምህርት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ጎልቶ የሚታይበት ነው። ሳይፕል በበረዶው ላይ ሳለ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፤ ይኸውም የሙቀት መለኪያው አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳየ ነፋስ ባለበት ቀን ሰው ይበልጥ የሚበርደው መሆኑን ነው። ይህ ለማንም እረኛ የተሰወረ ነገር አይደለም። ሳይፕል ግን ልምዱን ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄውንም ወደ ጥናት ለወጠው። በ1939 በክላርክ ዩኒቨርስቲ ለዶክተርነት ያቀረበው ጽሑፍ የዋልታ አሳሽ ከአንታርክቲካ አየር ጠባይ ጋር እንዴት እንደሚላመድ የሚመረምር ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አንታርክቲካ ሲሄድ ከቻርልስ ፓስል ጋር ሆኖ 250 ግራም ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ዕቃ ከቤት ውጭ እየሰቀሉ፣ በተለያየ የነፋስ ፍጥነት ውሃው በረዶ ለመሆን የሚወስደውን ጊዜ ለኩ። ውጤቱ በ1945 ታተመ። ዛሬ በብርድ አገሮች የአየር ሁኔታ ዘገባ ውስጥ ነፋስ በብርድ ላይ የሚጨምረውን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር የተወለደው ከዚህ ሙከራ ነው። ስሌቱ በ2001 በአሜሪካና በካናዳ ባለሙያዎች ታርሟል፤ ሐሳቡ ግን እንደ ጸና ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይኸው ዕውቀት ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የብርድ ልብስ ዝግጅት አገለገለ። በመጨረሻም ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅና በደቡብ ዋልታ እምብርት ላይ የምርምር ጣቢያ ሲተከል፣ በ1957 ክረምት የመጀመሪያዎቹ 18 ሰዎች በዚያ ሲከርሙ፣ የሳይንሱን ሥራ የመራው ሳይፕል ነበር። በመስከረም 1957 ጣቢያው ከዜሮ በታች 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መዘገበ፤ ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ በምድር ላይ ከተለካው ሁሉ የባሰ ብርድ ነበር። በ19 ዓመቱ በውድድር የገባው ወጣት በ48 ዓመቱ የዋልታው ጣቢያ ኃላፊ ሆነ።

የሶቪዬት ኅብረት መንገድ

ሳይፕል በሊትል አሜሪካ ሳለ ከሰፈሩ ሬዲዮ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪካዊ ነገር ተፈጽሟል። ጥር 12 ቀን 1930 በሰሜን ዋልታ አካባቢ በፍራንዝ ዮሴፍ ምድር የነበረ አንድ የሶቪዬት የሬዲዮ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ከሚደርስ ርቀት ከባይርድ ሰፈር ጋር ተነጋገረ። በጊዜው ይህ በአጭር ሞገድ የተገኘ የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። ሠራተኛው ኧርንስት ክሬንኬል ይባላል። ታሪኩም ወጣቶችን ለዋልታ ሥራ የማሰናዳት ሌላ መንገድ እንደ ነበር ያስረዳል።

ክሬንኬል በ1924 በ20 ዓመቱ ኖቫያ ዜምልያ በተባለችው ደሴት ወደሚገኘው የማቶችኪን ሻር ጣቢያ የሄደው በውድድር ተመርጦ ወይም ስመ ጥር አሳሽ አስከትሎት አይደለም። የተማረውን የሬዲዮ ሙያ ይዞ በተራ ሠራተኛነት ነበር። ከዚያ ወዲያ አንዱ ምድብ ሌላውን እየወለደ ሄደ። በየካቲት 1934 «ቼሊዩስኪን» የተባለችው መርከብ በበረዶ ተጨፍልቃ ስትሰጥም 104 ሰዎች በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ቀሩ፤ ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኛቸው የክሬንኬል ሬዲዮ ነበር፤ ሁሉም በአውሮፕላን እየተነሡ ዳኑ። ከግንቦት 1937 እስከ የካቲት 1938 በኢቫን ፓፓኒን መሪነት በሰሜን ዋልታ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ለ274 ቀናት ከተቀመጡት አራት ሰዎችም አንዱ እርሱ ነው።

ከአራቱ በዕድሜ የመጨረሻው የ27 ዓመቱ የቭጌኒ ፊዮዶሮቭ ነበር። በ1932 ዩኒቨርስቲ እንደ ጨረሰ በቀጥታ ወደ ዋልታ ጣቢያ ሄዶ ከረመ፤ በ1939 ገና 29 ዓመቱ ሳለ የሶቪዬት ኅብረት የአየርና የውሃ ጥናት አገልግሎት ኃላፊ ሆነ፤ ይህንኑ ሥራ ከ1962 እስከ 1974 ድጋሚ መርቷል።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ማርና ሳይፕል የተመለሱት አስቀድሞ መሰላል ወዳልተዘረጋበት ቦታ ነበር፤ የኋላ ዕድላቸው በግል ጥረታቸውና በሚያውቋቸው ሰዎች በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። በሶቪዬት ኅብረት ግን በ1932 መጨረሻ የሰሜን ባሕር መንገድ ዋና አስተዳደር ከተቋቋመ በኋላ ጣቢያዎቹ ቋሚ ሆኑ፤ የወጣቱ የመጀመሪያ ክረምትም ወደ ሁለተኛው የሚያሻግር የሥራ ደረጃ ሆነ። ይህ ማለት ግን መንገዱ አስተማማኝ ነበር ማለት አይደለም። ከአገሪቱ ታላላቅ የዋልታ ሊቃውንት አንዱ የነበረው ሩዶልፍ ሳሞይሎቪች በ1938 ታስሮ በ1939 በጥይት ተገድሏል። ተቋም በር እንደሚከፍት ሁሉ ፖለቲካው ሲለወጥ ሊዘጋም ይችላል።

የስፒትስበርገን ተማሪዎች

እስካሁን የተጠቀሱት ወጣቶች አንድ በአንድ የተመረጡ ናቸው። በዩኒቨርስቲ በኩል በቡድን የተደረጉት ጉዞዎች ሌላ ገጽታ ያሳያሉ። በ1921 የኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲ መምህራንና ተማሪዎች ከኖርዌይ በስተ ሰሜን ወደሚገኙት የስፒትስበርገን ደሴቶች ተጓዙ። ከመካከላቸው የ21 ዓመቱ የእንስሳት ጥናት ተማሪ ቻርልስ ኤልተን ይገኝ ነበር። በ1923ና በ1924ም ተመልሶ ሄደ።

ኤልተን በዋልታው ያገኘው ጥቅም ጀብዱ ሳይሆን ቅለት ነው። በሞቃት አገር አንድ ደን ውስጥ ማን ማንን እንደሚበላ ለመዘርዘር ቢሞከር የፍጥረቱ ብዛት ያስቸግራል። በስፒትስበርገንና በድብ ደሴት ግን ዓይነታቸው ጥቂት ስለሆነ ከባሕሩ እስከ ወፎቹ፣ ከወፎቹ ኩስ እስከ ሣሩ፣ እስከ ቀበሮውም ድረስ ያለውን ሰንሰለት መከታተል ይቻላል። ኤልተን ከሥነ ዕፅዋት ባለሙያው ቪክቶር ሰመርሄይስ ጋር በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ግንኙነት በሥዕላዊ መግለጫ አሳየ። በ1927 ያወጣው የእንስሳት ሥነ ምህዳር መጽሐፉ ደግሞ የምግብ ሰንሰለትንና የቁጥር ፒራሚድን ሐሳብ በሥርዓት አስቀመጠ። ዛሬ በየትኛውም አገር የሥነ ሕይወት ተማሪ በመጽሐፉ የሚያገኘው የምግብ ሰንሰለት ሥዕል ከዚያ በረዷማ ደሴት ጋር ዝምድና አለው። ጽሑፉን እንዲጽፍ ያበረታታው በ1921ዱ ጉዞ አብሮት የነበረው መምህሩ ጁልያን ሀክስሊ መሆኑ ደግሞ በር ከፋች ሰው የሚኖረውን ድርሻ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ከዋልታ የተመለሰ ሰው የሠራው ሁሉ የዋልታው ፍሬ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። በ1924ቱ ጉዞ ሐኪም ሆኖ የሄደው ሀዋርድ ፍሎሪ በ1945 ለፔኒሲሊን ሥራው የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። የፔኒሲሊን ምርምሩ ግን የተመሠረተው በቤተ ሙከራ ሥራና በሕክምና ትምህርት ላይ እንጂ በስፒትስበርገን አይደለም። ጎበዝ ወጣቶች ለጉዞ ይመረጣሉ፤ ጎበዝ ወጣቶች በሕይወታቸውም ይሳካላቸዋል። የመጀመሪያው የሁለተኛው ምክንያት ነው ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያስፈልጋል።

የተከፈለው ዋጋና በር ያልተከፈተላቸው

ጉዞ የሕይወትን አቅጣጫ መለወጡ ሁልጊዜ መልካም ፍጻሜ አላስገኘም። የኦክስፎርዱ ተማሪ አንድሩ ኧርቪን በ1923 በስፒትስበርገን ባሳየው ጥንካሬ የጂኦሎጂ ባለሙያው ኖኤል ኦዴል ስለ ተደነቀበት ለኤቨረስት ጉዞ እንዲመረጥ ሐሳብ አቀረበ። ኧርቪን በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ከጆርጅ ማሎሪ ጋር ወደ ጫፉ ሲወጣ ጠፋ፤ ዕድሜው 22 ነበር። የአካሉ ቅሪት የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው። በ20 ዓመቱ ወደ ኤጅ ደሴት የሄደውን ጉዞ የመራው፣ በ23 ዓመቱም ለግሪንላንድ የአየር መንገድ ጥናት አለቃ የሆነው ጂኖ ዋትኪንስ በነሐሴ 1932 በግሪንላንድ በቆዳ ታንኳ የባሕር ውሻ ሲያድን ሞተ፤ ዕድሜው 25 ነበር። በእነዚህ ወጣቶች ሕይወት የመጀመሪያው ጉዞ ለሁለተኛው በር ከፍቷል፤ የተከፈተው በር ግን ወደ ሞት አድርሷል።

ሌላው ጉዳይ ዕድሉ ለማን ይሰጥ እንደ ነበር ነው። በ1932 የስኮት የመጨረሻ ጉዞ ሐኪም የነበረው ጆርጅ መሪ ሌቪክ ወጣት ተማሪዎችን ወደ በረሓማና ሰው ወደማይደርስባቸው አገሮች የሚወስድ ማኅበር መሠረተ፤ የመጀመሪያው ጉዞም ወደ ፊንላንድ ነበር። በስሙ እንደተገለጸው ማኅበሩ የተቋቋመው «ፐብሊክ ስኩል» ለሚባሉት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ነው። እነዚህ ስማቸው የሕዝብ ይምሰል እንጂ ከፍተኛ ክፍያ የሚጠይቁ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። ማኅበሩ ከጊዜ በኋላ ስሙንም በሩንም አስፍቶ የሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጆችን ተቀብሏል። ጅማሬው ግን ብርድንና ረኀብን ታግሶ ጠባዩን የሚያንጸው ወላጁ መክፈል የቻለ ልጅ ብቻ እንዲሆን ያደረገ ነበር።

ሴቶች ልጆች ደግሞ በእነዚህ ምርጫዎች አልታሰቡም። የአሜሪካ የምርምር ፕሮግራም ሴት ተመራማሪዎችን ወደ አንታርክቲካ የላከው በ1969 ነው፤ በዚያ ዓመት ኅዳር 11 ቀን ስድስት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ደቡብ ዋልታን ረገጡ። ሳይፕል በውድድር ከተመረጠ 41 ዓመት አልፎ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ስንት ሳይፕል፣ ስንት ኤልተን በሴቶች መካከል ሳይወጡ እንደ ቀሩ ማንም ሊቆጥር አይችልም።

የአርክቲክ ባለቤት የሆኑት ሕዝቦች ልጆችም በዚህ ታሪክ ውስጥ ለብዙ ዘመን የሚታዩት በመንገድ መሪነት ወይም በአዳኝነት እንጂ በተማሪነት አልነበረም። ዋትኪንስና ጓደኞቹ የቆዳ ታንኳ መንዳትን የተማሩት ከግሪንላንድ ሰዎች ነው፤ ትምህርቱን የሰጡት ሰዎች ግን በጉዞው መጻሕፍት ላይ የመምህርነት ስም አላገኙም። በ2000 በካናዳ የተመሠረተው «ስቱደንትስ ኦን አይስ» የተባለው ድርጅት የኢኑይት ወጣቶችን ከሌሎች አገሮች ወጣቶች ጋር በአንድ መርከብ አሳፍሮ ማስተማሩ ይህን ጉድለት ለማረም ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት ታሪኮች ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ወጣቱ በጉዞው ላይ ተመልካች ሳይሆን ሠራተኛ መሆን አለበት። ማር ከሰል አካፍሏል፤ ሳይፕል ውሾችን ነድቷል፤ ክሬንኬል ሬዲዮውን ይዞ የሰው ሕይወት በእጁ ነበር። የተሰጣቸው ሥራ ባይሠራ ኖሮ የሚጎዳ ሰው ነበር። በራስ የመተማመን ስሜት የመነጨው ከዚህ ኃላፊነት ነው።

ሁለተኛ፣ ከጉዞ መልስ ያለው ጊዜ ከጉዞው እኩል ይመዝናል። ሳይፕል በበረዶ ላይ የተሰማውን ብርድ ወደ ዩኒቨርስቲ ይዞት ባይገባ ኖሮ ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር። ኤልተንም በማስታወሻ ደብተሩ የመዘገበውን የሚያሳትምበት መድረክና የሚያበረታታው መምህር ባያገኝ ኖሮ ደብተሩ በመሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። ስለሆነም ጉዞ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ከጉዞው በፊት ሊያስብበት የሚገባው ጥያቄ «ተማሪው ሲመለስ ያየውን ነገር ለማን፣ በምን መልክ ያቀርባል? ቀጥሎስ ምን ይሠራል?» የሚለው ነው።

ሦስተኛ፣ የጉዞዎችን ጥቅም ለመመዘን የተሳካላቸውን ብቻ መቁጠር አይበቃም። ለ«ኩዌስት» ካመለከቱት 1,700 ገደማ ወጣቶች መካከል ታሪክ በስም የሚያውቃቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ምን ሆኑ? ከማዴይራ እንደ ተመለሰው ወጣት በመንገድ የቀሩት፣ በገንዘብ እጦት ወይም በፆታቸው ምክንያት ያልታሰቡትስ? ተመራጮችን ካልተመረጡት ጋር አነጻጽሮ በየዓመቱ የሚከታተል መዝገብ በሌለበት ቦታ «ጉዞው ሰው አደረጋቸው» ማለት ለማስታወቂያ እንጂ ለምርምር አይበቃም። ዛሬ ወጣቶችን ወደ ዋልታም ሆነ በአቅራቢያቸው ወዳለ ተራራና ሐይቅ ለጥናት የሚልኩ ተቋማት ይህን መዝገብ ከመጀመሪያው ጉዞ ዕለት ጀምረው ቢይዙ፣ የሚቀጥለው ትውልድ ተመራማሪ እምነትን ከማስረጃ ለመለየት የተሻለ መነሻ ያገኛል።